ያገለገለ ኤልኤስ 3/5ኤ ስፒከር ሲገዛ ምን ምን ይታያል?

ኤልኤስ 3/5ኤ የእንግሊዙ ቢቢሲ ለራሱ ሥራ የነደፈው ትንሽ ስፒከር ነው። ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቱ 19 ነው። ከስቱዲዮ ውጭ ሲቀረጽ ጠባብ መኪና ውስጥ የሚሠራው ባለሙያ ማይክሮፎኑ የያዘውን በትክክል እንዲሰማ ታስቦ የተሠራ ነው። ለሠርግ ቤት አይሆንም። ይኸው 50 ዓመት አለፈው፣ ዛሬም ፈላጊው ብዙ ነው።

መጀመሪያ ኤልኤስ 3/5 ነበር። ቢ110 የሚባለውን ዉፈር (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣውን ክፍል) እና ቲ27 የሚባለውን ትዊተር (ቀጭኑን የሚያወጣውን) የሚያቀርበው የኬፍ ኩባንያ አሠራሩን ሲለውጥ፣ የቢቢሲ መሐንዲሶች ንድፉን እንደገና ሠሩት። «ኤ» የተጨመረችው ያኔ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1974 አካባቢ። ቢቢሲ ለሌሎች ፈቃድ ሰጠ እንጂ ራሱ ለገበያ አላመረተም፤ ሮጀርስ፣ ቻርትዌል፣ ኦዲዮማስተር፣ ቆይቶም ስፔንደር፣ ጉድማንስ፣ ሃርቤዝና ኬፍ ራሱ ሠርተውታል። መመዘኛው አንድ ስለሆነ፣ ለቻርትዌል ብቻ ተብሎ የሚከፈለው ጭማሪ ለእኔ ስም መግዛት ነው።

እስከ እ.ኤ.አ. 1987 ገደማ የተሠሩት 15 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) ናቸው። ውስጣቸው ያለው፣ ድምፁን ለዉፈርና ለትዊተር የሚያከፋፍለው ክሮስኦቨር ኤፍኤል6/23 ይባላል። ከዚያ በኋላ የመጡት 11 ኦም ሲሆኑ ክሮስኦቨራቸው ኤፍኤል6/38 ነው። የትኛው ይሻላል የሚለው ጭቅጭቅ ማብቂያ የለውም። 11ዱ ለስለስ ይላል የሚሉ አሉ፣ ይሁን። የሰው ድምፅ ላይ ግን 15ቱን የሚያህል የለም።

ወደ ግዢው ስንመጣ ቀድሞ የሚታየው ጀርባው ላይ ያለው የመለያ ቁጥር ነው። እነዚህ ስፒከሮች ከፋብሪካ የሚወጡት ተመሳስለው፣ በጥንድ ነው። ሮጀርስ ለምሳሌ ለሁለቱም አንድ ቁጥር ሰጥቶ መጨረሻው ላይ «ኤ» እና «ቢ» ይጨምራል። ቁጥሮቹ የተራራቁ ከሆነ ዋጋው መውረድ አለበት። እኔ አንዴ ተሸውጃለሁ። ሻጩ «መንትያ ናቸው» አለኝ፣ ቁጥራቸውም ይገጥማል፣ ቤት ወስጄ ስከፍተው የአንደኛው ትዊተር የሌላ ሞዴል ነው። 15 ኦሙ ላይ የትዊተሩ መጠን በክሮስኦቨሩ ቦርድ ላይ ለያንዳንዱ ስፒከር ለብቻው ተስተካክሎ ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ ትዊተር ቀይሮ ቦርዱን እንዳለ መተው ጥንዱን ማፍረስ ነው። ከዚያ ወዲህ የውስጡን ፎቶ ሳላይ ብር አላወጣም። የብሎኖቹ ጭንቅላት ተልጦ ከሆነ ስፒከሩ ተከፍቷል ማለት ነው፤ ማን እንደከፈተውና ለምን እንደከፈተው ጠይቁ።

የብዙ አሮጌ ስፒከር ዉፈር ዳሩ ስፖንጅ ስለሆነ ከጊዜ በኋላ እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል። ቢ110 ዳሩ ጎማ መሰል ነው፣ ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው። ኮኑን (የዉፈሩን የሚንቀሳቀስ ፊት) በሁለት ጣት በቀስታ፣ ከሁለቱም ጎን እኩል ገፋ አድርጉት። የሚፋቅ ድምፅ ከሰማችሁ ኮይሉ (ከኮኑ ጀርባ ያለው የሽቦ ጥቅል) ተጎድቷል። ትዊተሩ ፊት ላይ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ብረት አለ፤ ከኋላው ያለው ጉልላት ተጨፍልቆ እንዳይሆን ባትሪ አብርታችሁ እዩ። በትዊተሩ ዙሪያ የተለጠፈው ወፍራም ሱፍም የጌጥ አይደለም፣ ድምፁ የተስተካከለው እሱን ይዞ ነው። የፊቱ ጨርቅም እንዲሁ። አንዳንዱ ባለቤት «እንዲያምር» ብሎ በሌላ ጨርቅ ይቀይረዋል፣ ያን ጊዜ የምትሰሙት ሌላ ስፒከር ነው። ቴስተር ካላችሁ የሁለቱን ኦም ለኩ፤ ቁጥሩ መቀራረብ አለበት።

ለማዳመጥ ሙዚቃ ይዛችሁ አትሂዱ፣ ሙዚቃ ብዙ ጉድ ይሸፍናል። የወንድ ዜና አንባቢ ድምፅ በሞኖ፣ ከሁለቱም ስፒከር አንድ ዓይነት ድምፅ እንዲወጣ፣ አጫውቱ። ከሁለቱ መሃል፣ አንድ ሰው ፊት ለፊታችሁ የቆመ እስኪመስል መምጣት አለበት። ከተበታተነ የአንደኛውን ገመድ ፕላስና ማይነስ አዙራችሁ ሞክሩ። ያም ሆኖ ካልተሰበሰበ አይገጥሙም። ከዚያ አንድ በአንድ አጫውቱ፣ አንዱ የደነዘዘ ከሆነ ትዊተሩን ጠርጥሩ።

ጉልበቱም ውስን ነው፤ በ1 ዋት የሚሰጠው ድምፅ 83 ዴሲቤል ገደማ፣ ማለትም ዝቅተኛ ስለሆነ ድምፅ የሚወድ ሰው ብዙ ይጨምርበታል። «ፓርቲ ላይ ነበር» የተባለውን እለፉት።

ኬፍ ቢ110ንና ቲ27ን ማምረት ካቆመ በኋላ ሌሎች አዳዲስ ቅጂዎች ወጥተዋል። ከነሱ ውስጥ ፋልኮን የሚባለው ድርጅት ሁለቱንም ክፍሎች እንደገና ሠርቷል፤ መሥራቹ ማልኮልም ጆንስ ኬፍ ውስጥ ሳለ ቢ110ንና ቲ27ን የነደፈው ሰው ነው።

ውጭ ገዝቶ አገር ቤት ለሚያመጣ፣ አንዱ 5 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ጥንዱ አንድ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። ፊት ለፊት አድርጋችሁ አትጠቅልሏቸው፣ መሃላቸው ወፍራም ስፖንጅ ይግባ።