ከጡረታ በኋላ ከብት ማርባት፦ የሚባለውና እውነታው

እኔና ባለቤቴ ከብት ማርባት የጀመርነው ስልሳን ካለፍን በኋላ ነው። አፈሩ እያገገመ እንዲሄድ የሚደረግበት፣ «ሪጀነሬቲቭ» የሚሉት ዓይነት እርባታ ነው። መስኩ በትናንሹ ይከፈላል። መንጋው ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ይዛወራል፣ የተጋጠው ያርፋል። በቃ፣ ዋናው ሐሳብ ይሄ ነው። የሰው አስተያየት ግን ማለቂያ የለውም።

«በዚህ ዕድሜ ከብት? ጉልበቱ ከየት ይመጣል?»

ጉልበቱ ከሚታሰበው ያነሰ ነው። ማታ ማታ ባለቤቴ ቀጭኑን የኤሌክትሪክ አጥር ሽቦ ትጠቀልላለች፣ እኔ ቀላል የላስቲክ ዘንጎቹን እየነቀልኩ ወደፊት እተክላለሁ። ላሞቹ ቀድመው መጥተው ይጠብቃሉ፤ አዲስ ሣር እንዳለ ያውቃሉ። ጩኸት የለም፣ ዱላ የለም። ከትከሻዋ ትንሽ ኋላ ብለው ጠጋ ሲሏት ላም ወደፊት ትሄዳለች፤ ከትከሻዋ ፊት ሲሆኑባት ወደ ኋላ ትላለች። ይህን ያወቀ ሰው መሮጥ አይጠበቅበትም።

አደጋ የለውም ማለቴ ግን አይደለም። አዲስ የወለደች ላም፣ የምታውቀንም ብትሆን፣ ገፍትራ ልትጥል ትችላለች። ኮርማማ ሽማግሌ ቀርቶ ጎረምሳም አይመልሰውም። ስለዚህ ኮርማ አናስቀምጥም፣ ላሞቹን በሰው ሠራሽ ዘዴ እናዳቅላለን። ከብቶቻችንም ቀንድ አልባ ናቸው።

ደግሞ የገበሬ ዕድሜ ሲነሳ፣ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2022 ባካሄደችው የግብርና ቆጠራ የአምራቾቹ አማካይ ዕድሜ 58.1 ነበር። እኛ ብዙም አልራቅንም።

«ከብት መሬት ያራቁታል»

ዝም ብሎ ከተለቀቀ፣ አዎ። ሣር ከላይ ሲበላ ሥሩም ይነካል። ፍራንክሊን ክራይደር የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1955 ባወጣው ሙከራ፣ የሣሩ ግማሽ ሲቆረጥ ሥሩ ማደጉን እምብዛም አላቆመም። 80 በመቶው ሲቆረጥ ግን ለ12 ቀናት ያህል ቀጥ አለ። እንግዲህ ስንት ከብት አላችሁ ከማለት በፊት ስንት ቀን ቆዩ ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ሁለት ላም ብቻ እንኳ ዓመቱን ሙሉ አንድ መስክ ላይ ቢለቀቁ፣ የሚወዱት ሣር ገና ብቅ ሲል እየተመለሱ ይቀጩታል። የማይወዱት አረም ይነግሣል።

«ተፈጥሮን ተዉላት፣ ራሷ ታውቃለች» የሚለው ምክርም በዚሁ ይወድቃል። አጥር ያለበት መስክ ላይ ከብቱን የሚያንቀሳቅስ አውሬ የለም። ያለነው እኛ ነን።

«የእናንተ ከብት እኮ አየሩን ያጸዳል»

ይሄ ደስ ስለሚል ለማረም ያስቸግራል። ላም ባመሰኳች ቁጥር ሚቴን የሚባል ጋዝ ታወጣለች። ሚቴን በመቶ ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 27 እጥፍ ገደማ ያሞቃል። አፈር ካርቦን ይይዛል፣ እውነት ነው። ግን እየሞላ ሲሄድ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ መሬቱ ከታረሰ ደግሞ ተመልሶ ይወጣል። በካርቦን ሽያጭ፣ ማለትም አፈሩ ለያዘው ካርቦን በሚከፈል ገንዘብ፣ ጡረታዬን እደጉማለሁ የሚል ወዳጅ አለኝ። ላም አለኝ በሰማይ ነው ነገሩ።

ያተረፍነው ሌላ ነው። በፊት አካፋ ስንሰካ አፈሩ እንደ ጡብ ነበር። አሁን ከዝናብ በኋላ ይፈረፈራል፣ የምድር ትል አይጠፋውም። ውሃውም ተንዶ ከመሄድ ይልቅ ይሰርጋል።

«መድኃኒት አትጠቀሙም አይደል?»

የታመመ ከብት ይታከማል። የምንቆጥበው በየወሩ ለሁሉም የሚሰጠውን የትል መድኃኒት ነው። አይቨርሜክቲን የሚባለው የትል መድኃኒት እበት ውስጥ ቆይቶ፣ እበቱን ቆፍረው የሚቀብሩትን ጥንዚዛዎች ይጎዳል።

«ጥሩ የጡረታ ገቢ ነው»

ላም ዘጠኝ ወር ታረግዛለች። በሣር ብቻ የሚያድግ በሬ ለሥጋ እስኪደርስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ከማዳቀሉ እስከ ገንዘቡ ሦስት ዓመት ግድም ማለት ነው። በሠላሳ ዓመት ይሄ ምንም አይደለም። በስልሳ አምስት ግን ይታሰባል። ቁጠባን በሙሉ ከብት ላይ ማፍሰስ የለም።

«ባልና ሚስት ስለሆናችሁ ትግባባላችሁ»

እሷ የምታየው ሣሩን ነው፣ እኔ ሆዳቸውን። በግራ ጎን ከጎድን አጥንት በስተኋላ ያለው ጉድጓድ ከሞላ ላሟ ጠግባለች ማለት ነው። ትናንት ሁሉም ሞልቶ ስላየሁ «እስከ ነገ ይቆዩ» አልኩ። እሷ መልስ አልሰጠችኝም። ጫማዋን ሣሩ ውስጥ አቁማ አሳየችኝ፤ ቁርጭምጭሚቷ ጋ እንኳ አልደረሰም። ዘንጉን ነቀልኩ።