የሪሞት በጊ በአዲስ አበባ፦ በትንሽ ብር መምረጥና ማሻሻል

በጊ ጎማዎቹ ከገላው ወጣ ያሉ፣ ከኋላው ክንፍ የተሸከመ፣ አፈርና ጉብታ ላይ እንዲሮጥ የተሠራ መኪና ነው። እዚህ የምናወራው በሪሞት ስለሚነዳው ትንሹ በጊ ነው። ዓለም ላይ በብዛት ከሚወዳደሩት መጠኖች አንዱ 1/10 የሚባለው ነው፤ ከእውነተኛው መኪና አሥር እጅ ያነሰ ማለት ነው። ርዝመቱ ከአንድ ክንድ ብዙም አይርቅም። ክብደቱ 1.5 ኪሎ አካባቢ ነው። 1/8 ከ3 ኪሎ ያልፋል፣ ዋጋውም እንደ ክብደቱ ነው። 1/14 አነስ ያለና ለኪስ የሚራራ ነው።

ፒያሳና መርካቶ መጫወቻ መደብሮች ውስጥ ተደርድረው የሚታዩት የሪሞት መኪኖች አብዛኞቹ በጊ ቢመስሉም አይደሉም። መለያው ቀላል ነው። ባለሱቁን አስከፍቱትና የሪሞቱን መሪ ትንሽ ብቻ ጠምዝዙ። የፊት ጎማው ትንሽ ብቻ ከዞረ ሰርቮ፣ ማለትም መሪውን በልክ የሚያዞር ትንሽ ሞተር፣ አለው። እስከ ጥግ ዘሎ ከሄደ መጫወቻ ነው። ቀጥሎ ገልብጡትና እዩት። ሞተሩ፣ ሰርቮው፣ የሬዲዮ መቀበያው ለየብቻ በብሎን ይፈታሉ? ሁሉም አንድ ሰሌዳ ላይ ተበይደው ከሆነ፣ አንዱ የተቃጠለ ቀን መኪናው ወደ ምናለሽ ተራ ነው።

ታሪኩ አጭር ነው። የጃፓኑ ታሚያ የመጀመሪያውን የሪሞት መኪና፣ ፖርሼ 934ን፣ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1976 ነበር። በ1984 ግራስሆፐር የምትባለውን ርካሽና ቀላል በጊ አወጣ። በዚያው ዓመት ካሊፎርኒያ ውስጥ ቲም አሶሼትድ የተባለው ኩባንያ አርሲ10 የተባለውን በጊ ይዞ መጣ። ሻንሲው አሉሚኒየም፣ ሾክ አብዞርበሩ በዘይት የተሞላ ነበር። በ1985 የመጀመሪያው የ1/10 በጊ የዓለም ሻምፒዮና ካሊፎርኒያ ዴል ማር ላይ ሲካሄድ፣ በሁለት ጎማ በሚነዱት ምድብ ያሸነፈው አርሲ10 ነው። ግራስሆፐር እንደገና ተመርታ ዛሬም ትሸጣለች። በትንሽ ብር መኪና የሚያሻሽል ሰው ዕድሜውን የሚፈጀው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባለው መንገድ ላይ ነው፤ ከግራስሆፐር ይነሳል፣ ወደ አርሲ10 ይጓዛል።

አዲስ አበባ ውስጥ መኪና የሚገዛ ሰው ከፍጥነት በፊት የሚጠይቀው ነገር አለ፦ ዕቃው ይገኛል ወይ? ቪትስ የነገሠችው በውበቷ አይደለም። በጊም እንደዚያው ነው። ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ ኩሽኔታ ስትሉ የሚመጣላችሁ የቶዮታ ነው። የበጊው መለዋወጫ የሚመጣው ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በሚመለስ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ነው። ስለዚህ ቀላል፣ ትንሽ፣ ፖስታ ውስጥ የሚገባ መሆን አለበት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ስሌቱ ከብዷል። ከዚያ ቀን በፊት በባንክ አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። የ20 ዶላር ዕቃ ከ1,200 ብር በታች የነበረው ከ2,000 በላይ ሆነ ማለት ነው።

በዚህ ሚዛን ሲታይ የቻይናው ደብሊውኤል ቶይስ 144001 ብዙ ጀማሪ የሚያነሳው ስም መሆኑ አይገርምም። 1/14 ነው፣ አራቱም ጎማ ይነዳል፣ ሻንሲው ብረት ነው፣ መለዋወጫው ርካሽና ውጭ አገር በየቦታው የሚሸጥ ነው። ሳጥኑ ላይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ይላል። እሱን የሻጭ ሰላምታ አድርጋችሁ እለፉት። ገጣጥሞ መማር የሚወድ ደግሞ የታሚያን ኪት ይምረጥ፤ እያንዳንዷን ብሎን ራሱ ስላሰራት ሲሰበርበት አይደነግጥም። ሁለት ጎማ ነጂው ርካሽና ጥቂት ዕቃ ያለው ነው። አራት ጎማ ነጂው አቧራ ላይ ይታዘዛል፤ ግን የሚሰበር ነገሩም እጥፍ ነው።

ያገለገለ ካገኛችሁ አትናቁት። ጎማውን በሁለት ጣት ይዛችሁ አወዛውዙ። ሻንሲውን መስታወት ላይ አስቀምጡና አራቱም ማዕዘን መንካቱን እዩ። ሞተሩን በእጅ ስታዞሩት የሚያንጎራጉር ከሆነ ዋጋ ቀንሱ።

አሁን ወደ ማሻሻሉ። ሁሉም ሰው በሞተር መጀመር ያምረዋል። ስህተት ነው። በእኔ ቅደም ተከተል ሞተር መጨረሻ ነው።

መጀመሪያ ኩሽኔታ። ብዙ ርካሽ በጊ ከፋብሪካ ሲወጣ አክስሉን የሚይዝለት ኩሽኔታ ሳይሆን የፕላስቲክ ቀለበት ነው። የአዲስ አበባ አቧራ ቀለበቱን ይበላዋል፤ ከዚያ ጎማው መንገዳገድ፣ ማርሹም መፋጨት ይጀምራል። በኩሽኔታ ሲተካ መኪናው በዚያው ሞተርና በዚያው ባትሪ ፈጥኖ ይሄዳል፣ ባትሪውም ይቆያል። ብዙ የታሚያ መኪኖች የሚወስዱት 5 በ11 በ4 ሚሊሜትር የሆነውን ነው። ሙሉው ስብስብ እፍኝ አይሞላም። ለዘመድ ለመላክ ከዚህ የሚቀል ነገር የለም።

ሁለተኛ ሾክ አብዞርበር። ርካሾቹ ውስጣቸው ሞላ ብቻ ነው፤ ዘይት የለም። ጉብታ ሲመታቸው እንደ ኳስ ይነጥራሉ። ባለዘይቱ ጎማውን መሬት ላይ ያቆየዋል። የሚሞላው የሲሊኮን ዘይት ነው። እኔ አንድ ጊዜ ብልጥ ነኝ ብዬ የስፌት መኪና ዘይት ሞላሁ። ብዙ ሳይቆይ ውስጥ ያለው ጎሚኒ አብጦ ዘንጉ ተቸነከረ። አራቱንም ፈትቼ፣ አራቱንም ጎሚኒ ቀይሬ፣ ያተረፍኩትን ሦስት እጥፍ ከፈልኩ። አሞላሉ ራሱ ትዕግሥት ይፈልጋል። ዘይቱን ሞልታችሁ ዘንጉን ቀስ እያላችሁ ወደ ላይ ወደ ታች ስትስቡት ትናንሽ አረፋዎች ይወጣሉ። ከዚያ ጀበና አውርዳችሁ ቡናው እስኪሰክን እንደምትጠብቁት አቁማችሁ ተዉት። አረፋው ሳያልቅ ክዳኑን ከጠመዘዛችሁት ሾኩ ይንጫጫል፣ ሥራውንም አይሠራም።

ሦስተኛ ጎማ። ለአፈር ጥርሱ ረዘም ያለ፣ ላስቲኩ ለስላሳ የሆነ ይሻላል። አስፋልት ላይ ግን ያንን ጥርስ በአንድ ከሰዓት ትጨርሱታላችሁ። ኮብልስቶን ደግሞ የሁሉም ጠላት ነው፤ ጎማውን ሳይሆን ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዙትን ክንዶች ነው የሚሰብረው። ጎማው ከቸርኬው ጋር በሱፐር ግሉ መጣበቅ አለበት፤ አለበለዚያ ኩርባ ላይ ይወልቃል። አብዛኛው 1/10ም ሆነ 144001 የጎማ መያዣቸው 12 ሚሊሜትር ባለስድስት ጎን ስለሆነ ምርጫው ሰፊ ነው። ይግባ አይግባ የሚለውን ግን ቁመቱን ለክቶ ማረጋገጥ ነው።

ባትሪ ላይ ቀልድ የለም። የድሮው ኒኬል ባትሪ 7.2 ቮልት ነው፤ ከባድና ታጋሽ። ሊፖ የሚባለው የሊቲየም ባትሪ ባለሁለት ሴሉ 7.4 ቮልት ነው፤ ሲሞላ 8.4 ይደርሳል። ቀላልና ጉልበተኛ ነው፤ ግን ይቆጣል። እያንዳንዱ ሴል ከ3 ቮልት በታች ከወረደ ይበላሻል። በኒኬል ቻርጀር ከሞላችሁት ሊቀጣጠል ይችላል። ሁለቱን ሴል እያመጣጠነ የሚሞላ ቻርጀር ግዙ። ሲሞላ ሸክላ ድስት ውስጥ ወይም ሴራሚክ ወለል ላይ ይሁን፤ እናንተም ቤት ሁኑ። መብራት ይጠፋል ብሎ ቅዳሜ ለመንዳት ማክሰኞ ሞልቶ ማስቀመጥ የብዙዎቻችን ልማድ ነው፤ ባትሪው ግን ሙሉ ሆኖ ሲቀመጥ ያረጃል። ማረፊያው በሴል 3.8 ቮልት አካባቢ ነው። ለሚያመጣላችሁ ሰውም ንገሩት፦ ትርፍ ሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይሄድም። 7.4 ቮልት ባለ5,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ባትሪ 37 ዋት ሰዓት ነው። ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያልፈው እስከ 100 ስለሆነ ችግር የለውም።

አሁን ሞተር። ከመቀየሩ በፊት ፒኞኑን ሞክሩ። ፒኞን በሞተሩ ጫፍ ላይ ያለችው ትንሿ ጥርስ ናት፤ ጋራዥ የሠራ ሰው ስሟን ያውቀዋል። ትልቁ ማርሽ 60 ጥርስ፣ ፒኞኑ 20 ቢሆን ሞተሩ 3 ጊዜ ሲዞር ማርሹ አንድ ጊዜ ይዞራል። ፒኞኑን 24 ብታደርጉት 2.5 ይሆናል፤ ፍጥነቱ በአምስተኛ ይጨምራል። ዋጋውም ከሞተር ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ስትገጥሙት በሁለቱ ጥርሶች መካከል ቁራጭ የደረሰኝ ወረቀት አስገብታችሁ ሞተሩን ጠጋ አድርጋችሁ አጥብቁ። ወረቀቱን ስታወጡት ሳይቀደድ ተኮማትሮ ከወጣ ርቀቱ ልክ ነው። አምስት ደቂቃ ነድታችሁ ሞተሩ ላይ ጣታችሁን ማቆየት ካልቻላችሁ ፒኞኑ በዝቷል፤ ወደ ኋላ ተመለሱ። ከዚህ በኋላም ፍጥነቱ ካነሰባችሁ ካርቦን የሌለውን ብራሽለስ ሞተር ከነመቆጣጠሪያው መግዛት ይቻላል። ያኔ ግን ዲፈረንሻሉና አክስሉም ይከተላሉ፤ የጠነከረ ሞተር ደካማውን ዕቃ ፈልጎ ያገኘዋል።

ስለ ነዳጅ በጊ የሚጠይቁኝ አሉ። ድምፁ ያምራል፤ ነገር ግን አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ አየር የሚተነፍስ ሞተርም ያን ያህል ጉልበት ያጣል። ሚታኖልና ናይትሮሚቴን የተቀላቀለበት ነዳጁ ደግሞ በአውሮፕላን ሻንጣ አይገባም። ኤሌክትሪኩ አየር አይፈልግም። የሳሳ አየር የሚጎዳው በማቀዝቀዝ በኩል ብቻ ነው፤ ከላይ ያልኩት የጣት ፈተና እዚህ ከተማ የበለጠ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የት ይነዳ? መሀል ከተማ ውስጥ ለበጊ ተብሎ የተሠራ አፈር ፍለጋ አትድከሙ። ጃን ሜዳ ሰፊ ነው፤ ኳስ በሌለበት ሰዓት ዳር ዳሩን መያዝ ይቻላል። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» የተባለው ፕሮግራም መንገዶችን ለመኪና በሚዘጋባቸው እሁዶች ጠዋት አስፋልቱ ነፃ ይሆናል። ጥርስ ለሌለው ጎማ ጥሩ ነው፤ እግረኛና ብስክሌት ስለሚበዛ ግን በዝግታ። ክረምት ከገባ ጭቃው ኩሽኔታ ውስጥ ገብቶ ይደርቃል። ውኃ ከመርጨት በጥርስ ብሩሽ አራግፉት።

የትም ብትነዱ ከአሥር ደቂቃ በላይ ብቻችሁን አትቆዩም። ልጆች ይከቧችኋል፣ ከመካከላቸው ደፋሩ ጠጋ ይልና «ጋሼ፣ አንዴ ልንዳት?» ይላል። ስጡት። ብዙ ሪሞቶች ላይ የፍጥነቱን ጣሪያ የሚቀንስ ቁልፍ አለ፤ ከመስጠታችሁ በፊት ወደ ግማሽ አውርዱት።