የግራ ጂግ ምንድን ነው? (ለግራኝ የተሠራ አይደለም)

«ግራኝ ከሆንክ የግራ ጂግ ግዛ።» ይህችን ለቀስተኞች የምትሰጥ ምክር በዚህ ወር ብቻ ለሦስተኛ ጊዜ አየኋት። የመጨረሻው መካሪማ «ጓንት እንኳ የግራና የቀኝ አለው» ብሎ ማስረጃም ጨምሮበታል። ወንድሜ፣ ጓንቱን ተወው።

ጂግ፣ ሙጫው እስኪደርቅ ድረስ ላባውን ከፍላጻው ዘንግ ጋር አስተካክሎ የሚይዝ ዕቃ መሆኑን ታውቃላችሁ ብዬ ልለፈው። (ፍላጻ የምለው የሚወረወረውን ነው፣ ቀስት ደግሞ የሚወረውረውን። ሁለቱንም «ቀስት» የምንል ብዙ ነን፤ እዚህ ግን ያምታታል።) ጣጣው ያለው ላባውን የሚነክሰው ክላምፕ ላይ ነው። ቀጥ ያለ አለ፣ ወደ ቀኝ የተጠመዘዘ አለ፣ ወደ ግራ የተጠመዘዘ አለ። እንደ ቢትዘንበርገር ባሉት ጂጎች ክላምፑ ተነቅሎ ይቀየራል። ሦስቱን ላባ ባንዴ የሚለጥፉት የፕላስቲክ ጂጎች ግን አቅጣጫቸው አብሯቸው የተሠራ ስለሆነ ከመግዛታችሁ በፊት መወሰን አለባችሁ።

«ግራ» የሚለው ቃል የተኳሹን እጅ አይመለከትም። የወፏን ክንፍ ነው የሚመለከተው! አሜሪካ ውስጥ ለፍላጻ የሚሸጠው ላባ ባብዛኛው የተርኪ ክንፍ ነው። የግራ ክንፏ ላባ ወደ አንድ በኩል ይጎብጣል፣ የቀኙ ወደ ሌላው። ክላምፑም ይህንን ጉብጠት ተከትሎ ነው የተጠመዘዘው።

ምሳሌ ካስፈለገ ብሎንና ዳዶ ይሻላል። የብስክሌት የግራ ፔዳል ወደ ግራ ሲዞር ነው የሚጠብቀው። ለግራኝ ጋላቢ ታስቦ ነው? አይደለም፣ ሲረገጥ እንዳይፈታ ነው። ግራኝ መካኒክም ጥርሱ የሚገጥመውን ዳዶ ይፈልጋል እንጂ የራሱን እጅ አያይም። ላባው ብሎን ነው፣ ክላምፑ ዳዶ። ያለ ጥርሱ በግድ ካስገባችሁት ደግሞ የሚሆነውን ታውቃላችሁ።

አንድ ግራኝ ጓደኛዬ ይህንኑ ምክር ሰምቶ የግራ ክላምፕ ገዛ። ቤት የነበረው ላባ ግን የቀኝ ክንፍ ነበር። ለጣጥፎ አመጣልኝ። አንዱን ወደ መብራት አዙሬ ሳየው በላባው ሥርና በዘንጉ መሃል ብርሃን ያልፋል፤ መሃሉ ተጣብቋል፣ የፊት ጫፉ ግን እንደ አሮጌ ጫማ ሶል ተነስቷል። በጥፍሬ ነካ ሳደርገው ተላጠ። አሥራ ሁለቱንም ፍላጻ ፍቀን እንደ አዲስ ጀመርን።

ታዲያ ግራኝ የትኛውን ይግዛ? ደስ ያለውን፣ ላባውና ክላምፑ አንድ ወገን ይሁኑ እንጂ። የቀኝ ላባ ፍላጻውን ከኋላ ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ ያሽከረክረዋል፣ የግራው በተቃራኒው፤ ሁለቱም ያረጋጉታል። ፍላጻው በደንብ መሽከርከር የሚጀምረው ደግሞ ከቀስቱ ከወጣ በኋላ ነው። ክልክሉ መቀላቀል ነው። በአንድ ፍላጻ ላይ ያሉት ላባዎች በሙሉ ከአንድ ወገን ክንፍ መሆን አለባቸው።

ማንም ባይጠይቀኝም ጥቂት ነገር ልጨምር። የፍላጻችሁ ጫፍ ዘንጉ ውስጥ እንደ ብሎን ተጠምዝዞ የሚገባ ከሆነ ብሎኗ እዚህ እውነተኛ ብሎን ሆና ትመጣለች፦ ጫፉ ዒላማው ውስጥ ሲቆም ዘንጉ ትንሽ መዞሩን ይቀጥላል፤ የቀኝ ላባ ጫፉን ያጠብቀዋል፣ የግራ ላባ ያላላዋል። ግራ የምትጠቀሙ ከሆነ ከእያንዳንዱ የተኩስ ዙር በኋላ ጫፉን በጣት ጠበቅ አድርጉ። ለአደን በአንድ ጎኑ ብቻ የተሳለ ስለት የምታስገቡም፣ ስለቱ የሚዞርበትና ላባው የሚያዞርበት አቅጣጫ አንድ ይሁን። ጠፍጣፋ የፕላስቲክ ላባ የግራ ክንፍ የቀኝ ክንፍ ስለሌለው በፈለጋችሁት ክላምፕ ይሄዳል። (ቀጥ ያለ ክላምፕ ፍላጻው እንዳይሽከረከር ያደርጋል የሚሉም አሉ። የወፍ ላባ ቀጥ ተደርጎ ቢለጠፍም በተፈጥሮ ቅርጹ ያሽከረክራል። ይህን ሌላ ቀን እንጨቃጨቅበታለን።)

ፓኬቱ ላይ የየትኛው ክንፍ እንደሆነ ካልተጻፈ ላባውን ያለ ሙጫ ክላምፑ ውስጥ አስገቡና ዘንጉ ላይ አሳርፉት። ከዚያ ስስ ወረቀት ከሥሩ ለማስገባት ሞክሩ። በአንዱ ጫፍ ሾልኮ ከገባ፣ የጂጉን ብሎኖች መነካካት ከመጀመራችሁ በፊት ክንፉን ጠርጥሩ። ሙጫውን ክፈቱ የምላችሁ ወረቀቱ አልገባ ሲል ነው።