«ሰዎች እንደ ዛፍ ሲመላለሱ አያለሁ»፦ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ፈውስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ጌታችን የፈወሳቸው ሕሙማን አብዛኞቹ በአንድ ቃል ነው የዳኑት። «ንጻ» ሲለው ለምጻሙ ነጻ፤ «ተነሣ» ሲለው መፃጉዕ አልጋውን ተሸክሞ ሄደ። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 8 የምናገኘው የቤተ ሳይዳው ዕውር ግን እንዲህ አልሆነለትም። ጌታ እጁን ይዞ ከመንደር ውጭ አወጣው፤ በዓይኑ ተፍቶበት እጁንም ጫነበትና «አንዳች ታያለህን?» ብሎ ጠየቀው። ሰውዬውም ያልሆነውን ሆነልኝ አላለም። «ሰዎች እንደ ዛፍ ሲመላለሱ አያለሁ» አለ። ብርሃን ገብቷል፣ ገና አልጠራም። ጌታም ዳግመኛ እጁን ጫነበት፤ ያን ጊዜ ሁሉን አጥርቶ አየ።

አምላካችን በአንዴ መፈወስ ተስኖት ሁለት ጊዜ ዳሰሰው የሚል ክርስቲያን የለም። በየቤታችን ስትሮክ የመታው ሰው ሲተኛ ግን ይህ ምዕራፍ ይጠፋብናል። «ይህን ያህል ተጸልዮለት፣ ይህን ያህል ጠበል ተጠምቆ፣ ይኸው እስከ ዛሬ ምላሱ ይተሳሰራል» እንላለን። በመጀመሪያውና በሁለተኛው መዳሰስ መካከል ያለውን ወንድማችንን ፈውስ እንዳልደረሰው እንቆጥረዋለን። እዚህ ደሴ በጽዋ ማኅበር ላይ ጥያቄው ደጋግሞ ስለሚነሣ ነው መጻፌ። የሰፈራችንን ሕሙማን ገመና ላለማውጣት ሕመሙም ማገገሙም በአደባባይ የታወቀ አንድ የሩቅ ሰው ልጥቀስ።

ቲም ጆንሰን ይባላል፤ በአሜሪካ የሳውዝ ዳኮታ ግዛት ሴናተር ነበር። በእምነቱ ሉተራን ነው፤ ታሪኩን እንጂ ትምህርቱን እንዳልወሰድኩ አንባቢ ይረዳልኛል። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 13 ቀን 2006፣ በእኛ ታኅሣሥ 4 ቀን 1999 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ከጋዜጠኞች ጋር በስልክ እየተነጋገረ ሳለ ቃላቱ ይንተባተቡ ጀመር። ዕድሜው 59 ነበር። ሆስፒታል ሲደርስ አንጎሉ ውስጥ ደም እየፈሰሰ መሆኑ ታወቀና በዚያው ሌሊት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በጤነኛ ሰው ላይ ከልብ የሚመጣው ደም መጀመሪያ በጣም በቀጫጭን ሥሮች ውስጥ ተከፋፍሎ ግፊቱ ይበርዳል፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ መላሾቹ ሥሮች የሚገባው። በእርሱ አንጎል አንድ ቦታ ላይ ግን ቀጫጭኖቹ ሥሮች አልነበሩም፤ አምጪዎቹና መላሾቹ በቀጥታ ተጠላልፈው ነበር። እንዲህ ያለው ነገር ብዙ ጊዜ ከሰው ጋር አብሮ የሚወለድ ነው። በእኛ አገር ይበልጥ የምናየው ግን ሌላው ምክንያት ነው፤ ዝም ብሎ የኖረ፣ ያልታከመ የደም ግፊት።

ያን ሰሞን ዜናው ስለ ሰውዬው ብቻ አልነበረም። በምርጫ የሴኔቱ ወንበር 51 ለ49 ተከፍሎ ስለነበር፣ እርሱ ከሞተ ወይም ከለቀቀ የተቃራኒው ፓርቲ አባል የሆነው የግዛቱ አስተዳዳሪ ከራሱ ወገን ሰው ይሾማል፣ የሴኔቱ ሥልጣንም ወደዚያ ፓርቲ ይገለበጣል ተብሎ ተሰጋ። አንድ ሰው በሞትና በሕይወት መካከል ተኝቶ ሳለ አገር ምድሩ ስለ ወንበሩ ያሰላ ነበር። እኛም ብንሆን «ሱቁን ማን ያዘው?» ለማለት አንዘገይም።

ወንበሩ ግን ጠበቀው። ዘጠኝ ወር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 5 ቀን 2007፣ ወደ ምክር ቤቱ ተመለሰ። በመካከሉ ያለው ጊዜ መራመድንና መናገርን እንደገና የመማር ጊዜ ነበር። ሲመለስም የቀኝ አካሉ ደካማ፣ ንግግሩ ዘገምተኛ ነበር። ቀድሞ ለግዛቱ ሕዝብ ባደረገው ንግግር፣ አእምሮዬ ከአፌ ይፈጥናል፣ ዋሽንግተንም ብዙ ሰው ከመናገሩ በፊት ቢያስብ ኖሮ የተሻለች ቦታ በሆነች ነበር በሚል መንፈስ ቀልዷል። ቀልዱ ደስ ይለኛል፤ የደረሰበትን አልደበቀም፣ አላለቀሰበትምም። በ2008 ሕዝቡ በሰፊ ድምፅ መልሶ መረጠው። የሴኔቱን የባንክ ጉዳዮች ኮሚቴ በሊቀ መንበርነት መራ፤ በ2015 መጀመሪያ በራሱ ፈቃድ ጡረታ ወጣ፤ በ2024 በ77 ዓመቱ ዐረፈ። አንደበቱ እንደ ድሮው ሙሉ በሙሉ አልተፈታም።

እንግዲህ ይህ ሰው ድኗል ወይስ አልዳነም? በማኅበራችን ልማድ ቢሆን ኖሮ በስድስተኛው ወር ላይ «አልሆነለትም» ተብሎ ጉዳዩ ይዘጋ ነበር።

ዘጠኝ ወር ስል ካህኑ ዘካርያስ ትዝ ይለኛል። የእርሱ ዝምታ ምክንያቱ ሌላ ነው፤ የመልአኩን ቃል ባለማመኑ የመጣ ነው። እኔ ማየት የፈለግኩት በዙሪያው የነበሩትን ሰዎች ነው። ሕፃኑ በተወለደ በስምንተኛው ቀን ዘመዶች ተሰብስበው በአባቱ ስም ሊጠሩት ነበር፤ እናቱ «አይሆንም፣ ዮሐንስ ይባል» አለች። ያን ጊዜ ምን አደረጉ? ዲዳ ነው ብለው አላለፉትም። ማን ሊባል እንደሚወድ በምልክት ጠየቁት፤ እርሱም ብራና ለመነና ጻፈ። መናገር ያቃተው ሰው በልጁ ስም ላይ የመጨረሻው ቃል የእርሱ ሆነ። በእኛ ቤት ግን ስትሮክ የመታው አባወራ አጠገቡ ተቀምጠን ስለ እርሱ እንነጋገራለን። ምን እንደሚበላ፣ የት እንደሚወሰድ፣ ቤቱ ይሸጥ አይሸጥ፣ ሁሉንም በራሱ ላይ እንወስናለን። አንደበቱ የታሰረ ሁሉ ልቡናው የጠፋ ይመስለናል። አብዛኛውን ጊዜ ይሰማል፤ ብዙውንም ይረዳል። ዓይኑ እንባ ሲያቀር «ሆደ ባሻ ሆነ» እንላለን። ከስትሮክ በኋላ ልቅሶና ሳቅ ከቁጥጥር ሊያመልጡ እንደሚችሉ፣ ትካዜም የብዙዎች ሕመም እንደሆነ ሐኪሞች ይነግሩናል። የተናቀ ሰው እንባ የሆነበት ጊዜም ግን አለ።

ወደ መዝሙረ ዳዊት ልመለስ። በመዝሙር 136 (137) ላይ በባቢሎን ወንዞች ዳር የተቀመጡት ምርኮኞች «ኢየሩሳሌም ሆይ፥ ብረሳሽ፥ ቀኜ ትርሳኝ፤ ባላስብሽ፥ ምላሴ በጉሮሮዬ ይጣበቅ» ይላሉ። ቀኝ እጅና ምላስ በአንድነት። የግራው የአንጎል ክፍል ሲጎዳ የሚታየው ልክ ይኸው ነው፤ በአብዛኛው ሰው ላይ ንግግርን የሚመራው ግራው ነው፣ የቀኝ እጅና እግርንም የሚያዘው እርሱ ነው። ይህን ስጽፍ የሚያሰጋኝ አለ። አንዱ ተነሥቶ «አየህ፣ እርግማን ነው፤ ኢየሩሳሌምን ቢረሳ ነው» እንዳይል። ምርኮኞቹ ስለ ራሳቸው ማሉ እንጂ በታመመ ሰው ላይ አልፈረዱም። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው «ማን ኃጢአት ሠራ?» ብለው ሲጠይቁ ጌታ «እርሱ ወይም ወላጆቹ ኃጢአት አልሠሩም» ብሎ ጥያቄውን ዘግቶታል።

በዚሁ ጉዳይ ላይ ግን አንድ ድንቅ ነገር አለ። ስትሮክ ንግግሩን የወሰደበት ሰው «ውሃ ስጡኝ» ማለት አቅቶት፣ ከልጅነቱ በቃሉ የያዘውን ግን ሊል ይችላል። ቁጥር መቁጠር፣ መዝሙር፣ ጸሎት። ሚስቱን በስሟ መጥራት ያቃተው አባት «አቡነ ዘበሰማያት» ሲባል አብሮ ተከትሎ ሊጨርሰው ይችላል። በቃል የተያዘና በዜማ የሚባል ነገር አንጎል ውስጥ የሚሄድበት መንገድ አዲስ ንግግር ከሚሄድበት የተለየ ስለሆነ ነው፤ ያልተጎዳው የቀኙ ክፍልም እንደሚያግዝ ይታመናል። ይህን የማያውቅ ቤተሰብ ሁለት ስሕተት ይሠራል። አንደኛው «ጸሎት ሲሆን ያውቅበታል፤ ሆን ብሎ ነው የማያናግረን» ብሎ መቆጣት ነው። ሁለተኛው የባሰ ነው፤ መንፈስ ነው፣ ያደረበት ነገር ነው የሚያናግረው እያሉ ማስጨነቅ። ሁለቱም አይደለም። የየኔታ ዱላና የእናት ትዕግሥት በልጅነት ያስቀመጡት ቃል ነው፤ ሌላው ሁሉ ሲዘጋ ያ በር ክፍት ቀረ። በአገራችን የንግግር ሕክምና ባለሙያ እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ልጆች፣ ማታ ማታ ከአባታችሁ ጋር ውዳሴ ማርያም ድገሙ፤ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» በሉ። ዜማውን እናንተ ጀምሩለት፣ እርሱ ይቀበል። ጸሎትም ነው፣ ልምምድም ነው።

ስለ መጀመሪያዋ ሰዓት ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ፊቱ ወደ አንድ ጎን ሲጣመም፣ አንድ እጁ ሲዝል፣ ቃሉ ሲምታታ «መጋኛ ነው» ብለን ቅጠል ፍለጋ የምንሮጥባት ሰዓት ውድ ናት። ደም ፈስሶ ይሁን ሥር ተዘግቶ ይሁን ከውጭ አይታወቅም፤ የሚለየው ሲቲ ስካን ነው። ስለዚህ በግምት አስፕሪን አትስጡ፤ ደም እየፈሰሰ ከሆነ ታባብሱበታላችሁ። በአፉም ምንም አታፍስሱ፤ ጠበልም ቢሆን። ይህን ስል አንዳንዶች ቅር እንደሚላቸው አውቃለሁ። ጉሮሮው መዋጥ ካቃተው ግን ፈሳሹ ወደ ሳንባው ይሄዳል። መዋጥ መቻሉ እስኪረጋገጥ በፊቱ ላይ እርጩት፣ በመስቀል ዳስሱት፤ የጠበሉ በረከት በጉሮሮ መንገድ ብቻ የሚገባ አይደለም።

ሐኪም ቤት መሄድ እምነት ማነስ አይደለም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እርሱ ነው፣ ብልህ ሰው አይንቀውም ይላል። ንጉሥ ሕዝቅያስ አለቀሰ፣ ጸለየ፣ 15 ዓመትም ተጨመረለት፤ ሆኖም ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲያደርጉለት አዝዟል። ተስፋውን የሰጠው እግዚአብሔር ጥፍጥፉን አልናቀም። ነፍሳቸውን ይማርና አቡነ ጳውሎስም በዘመናቸው ጠበልና መድኃኒት አይጣሉም፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች ናቸው ብለው በግልጽ አስተምረዋል። የግፊት ኪኒኑን ጠበል ገባሁ ብሎ ያቋረጠ ሰው ለሁለተኛ ስትሮክ በሩን ከፈተ ማለት ነው።

ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ የሚመጣው ነው ረጅሙ። ደሴ ላይ ሰው ታመመ ሲባል የመጀመሪያውን ሳምንት ቤቱ ሰው አይችለውም። ከአራዳም ከሸዋ በርም ይመጣል፤ ክርስቲያኑ «እግዚአብሔር ይማርህ» ብሎ ሳይቀመጥ ሙስሊሙ ጎረቤት «አላህ ያሽርህ» ብሎ ይገባል። ወሎ ነውና። በሁለተኛው ወር ግን ሚስቲቱና አንዲት ልጅ ብቻ ይቀራሉ። ስትሮክ ደግሞ ሰው የሚፈልገው በሁለተኛው ወር ነው፣ በሦስተኛውም፣ በስድስተኛውም። ለውጡ ጎልቶ የሚታየው በእነዚህ በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፤ ከዚያ በኋላም ይዘገያል እንጂ አይቆምም። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ያሳየው ልምምድ በየቀኑ፣ ደጋግሞ መሠራት አለበት፤ አንጎል መንገድ የሚቀይረው በድግግሞሽ ነው። ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ሐረጎን የወጣ ሰው ያውቀዋል፤ በየጠመዝማዛው ያው ቦታ ላይ ያለህ ይመስልሃል፣ ዞር ብለህ ቁልቁል ስታይ ግን ኮምቦልቻ ሩቅ ታች ቀርታለች። ጣቱን ዛሬ ያጠፈ ሰው ትናንት አላጠፋትም ነበር። የሚቆጥርለት ሰው ይፈልጋል።

ሽባውን ወደ ጌታ የወሰዱት አራት ነበሩ፤ በሩ ቢዘጋባቸው ጣራ ነደሉ። ከተማችን ከጦሳ ሥር የተዘረጋች የዳገት ከተማ ናት። ግማሽ አካሉ የማይታዘዝለት ሰው ከግቢው እስከ አስፋልቱ ያለው ጭቃና ደረጃ ጣራ ከመንደል አይቀልለትም። ስለዚህ የጽዋ ማኅበራት ጽዋውን በተራ እንደምናወጣ ሁሉ ልምምዱንም በተራ እንያዘው። አንዱ ሰኞ፣ አንዱ ረቡዕ ሄዶ እጁን ያንቀሳቅስለት፤ ሚስቲቱ በዚያች ሰዓት ገበያ ትውጣ ወይም ትተኛ። በ27 ለመድኃኔዓለም ንግሥ የሚሸከመው ወጣት አይጠፋም። ቀንዲሉ እንዲደረግለት ካህኑን ወደ ቤት ጥሩለት፤ ያዕቆብ በመልእክቱ «ከእናንተ የታመመ ማንም ቢኖር የቤተ ክርስቲያንን ሽማግሌዎች ወደ እርሱ ይጥራ» ያለው ይህንኑ ነው። ስለ ጾምና ስግደት ራሱ አይወስን፣ እናንተም አትወስኑበት። ፍትሐ ነገሥቱ ሕሙማንን ያሳርፋል፤ የንስሐ አባቱ ይንገሩት። ጾም ሻርኩ ብሎ ልቡ የሚሰበር አባት ብዙ ነው።

ማኅበሩ በእርሱ ቤት ሲሆን ደግሞ የመክፈቻውን «አቡነ ዘበሰማያት» ለእርሱ ስጡት። ያወጣው ዘንድ ጊዜ ይወስዳል፤ አንዱ ቃል ላይ ሊቆምም ይችላል። አትቅደሙት፣ አትጨርሱለትም፤ ጠላውና ዳቦው ይቆይ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።