የሮያሊቲ ክፍያ መስፈሪያው ምንድን ነው?

«የሮያሊቲው ጭማሪ የሳንቲም ስባሪ ነው፤ በዚህ ምክንያት የኢንተርኔት ሬዲዮዬን ዘጋሁ የሚል ሰው ሰበብ ፈላጊ ነው» የሚለውን አስተያየት ሰሞኑንም አነበብሁት። ሮያሊቲ ማለት ሙዚቃን ለማሰማት ለባለመብቶቹ የሚከፈል ገንዘብ ነው። እዚህ ደሴ በቅጂ መብት ጉዳይ የማማክር ሰው እንደመሆኔ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልሁም። አስተያየት ሰጪው የሳተው ተመኑን ሳይሆን መስፈሪያውን ነው፤ በአሜሪካ የኢንተርኔት ሬዲዮ የሚከፍለው ለእያንዳንዱ ዘፈን፣ ዘፈኑን በሰማው በእያንዳንዱ አድማጭ ልክ ነው።

የባቲን የሰኞ ገበያ እናስብ። የመደቡን ኪራይ ከፍሎ የተቀመጠ ነጋዴ ሰው በበዛለት ቁጥር ያተርፋል። ኪራዩ ቀርቶ፣ ገዛም አልገዛ ዕቃውን ቆሞ ባየ ሰው ሁሉ ልክ ይክፈል ቢባል ግን፣ ገበያው በደመቀ ቁጥር የሚጎዳው እሱ ነው። አጠገቡ ያለው ባለ ትልቅ መደብ ደግሞ ያንኑ ዕቃ ዘርግቶ ከዚህ ክፍያ ነፃ ነው። ባለ ትልቅ መደቡ በአሜሪካ በአየር ሞገድ የሚያሰራጨው መደበኛ ሬዲዮ ነው፤ ለግጥምና ዜማ ደራሲዎች ይከፍላል እንጂ ለተቀዳው ድምፅ ባለቤትና ለድምፃዊው አይከፍልም። በገበያው ምሳሌ የማይታይ አንድ ነገር ግን አለ፤ ገበያተኛ አንዴ አይቶ ሲያልፍ፣ አድማጭ በሰዓት 15 ዘፈን ከሰማ 15 ጊዜ ይቆጠራል።

የአሜሪካ የቅጂ መብት ሮያሊቲ ቦርድ እ.ኤ.አ. በማርች 2007 ለአንድ ዘፈንና ለአንድ አድማጭ የወሰነው ተመን ለ2006 0.0008 ዶላር ሲሆን፣ በየዓመቱ እያደገ ለ2010 0.0019 ዶላር ይደርስ ነበር። ሌት ተቀን በአማካይ 100 አድማጭ ያለውና በሰዓት 15 ዘፈን የሚያሰማ ጣቢያ በዓመት 13,140,000 ጊዜ ይቆጠርበታል፤ ክፍያውም በመጀመሪያው ተመን 10,512 ዶላር፣ በመጨረሻው 24,966 ዶላር ነው። ትናንሽ ጣቢያዎች ቀደም ሲል ከገቢያቸው 10 እስከ 12 በመቶ እንዲከፍሉ ይፈቀድላቸው ስለነበር፣ በአድማጭ መዋጮ በዓመት 20,000 ዶላር የሚያገኝ ጣቢያ በአዲሱ መስፈሪያ የመጨረሻው ተመን ላይ ሲደርስ ከጠቅላላ ገቢው በላይ ይጠየቃል ማለት ነው። በ2007 ጁን 26 ብዙ ጣቢያዎች ለአንድ ቀን ሙዚቃቸውን ያቋረጡት ስለዚህ ነበር። በኋላ በድርድር የተገኘው እፎይታ በ2015 መጨረሻ ሲያበቃ፣ እጅግ ብዙ ትናንሽ ጣቢያዎችን ያስተናግድ የነበረው ላይቭ 365 በጃንዋሪ 2016 ተዘጋ። በ2021ም ዝቅተኛው ዓመታዊ ክፍያ ለአንድ ቻናል ከ500 ወደ 1,000 ዶላር ከፍ አለ።

ይህን ስል የድምፃዊውን ድርሻ እየነፈግሁ አይደለም። ገንዘቡን የሚሰበስበው ሳውንድኤክስቼንጅ 50 በመቶውን ለተቀዳው ድምፅ ባለመብት፣ 45 በመቶውን ለዋናው ድምፃዊ፣ 5 በመቶውን ለአጃቢዎች ያከፋፍላል፤ ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን የተዘጋ ጣቢያ ለድምፃዊው የሚያስገባለት ነገር የለም።

በሙያዬ ግዴታ አንድ ነገር ልጨምር። አምባሰልና ባቲ በወሎ ስፍራዎች ስም የሚጠሩ ቅኝቶች ናቸው፤ ቅኝት የማንም የግል ንብረት አይደለም። በአምባሰል ተዘፍኖ በስቱዲዮ የተቀዳው ድምፅ ግን ባለመብት አለው፤ የእኛው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996ም ለከዋኙና ለድምፅ ሪከርዲንግ አሳታሚው ጥበቃ ይሰጣል። ስለዚህ «የሕዝብ ዜማ ስለሆነ ክፍያ የለውም» ብሎ ከደሴ ወይም ከኮምቦልቻ ጣቢያ የሚከፍት ወጣት ስለ ባለመብቱ ፈቃድ ከወዲሁ ይጠይቅ። ከላይ የጠቀስሁት የአሜሪካ ክፍያም የሚሠራው በአሜሪካ ላሉ አድማጮች ስለሆነ፣ አድማጮቹን ገና ከመጀመሪያው ቀን በየአገሩ ለይቶ ይቁጠር።