ዋየርለስ ብሪጅ ምንድን ነው?

ከአያት ወዲያ፣ ወደ ለገጣፎ መውጫ ባሉት ግቢዎች ኢንተርኔቱ የሚገባው ዋናው ቤት ነው። የደህንነት ካሜራው መቅጃ ወይም የልጆቹ ማጥኛ ዴስክቶፕ ግን ብዙ ጊዜ ጓሮ ካለው ሰርቪስ ቤት ይቀመጣል። መቅጃው ዋይፋይ የለውም፤ ያለው ከጀርባው የኢተርኔት ቀዳዳ ብቻ ነው። ገመድ እንሳብ ቢባል የተነጠፈው ግቢ ሊቆፈር ነው። ዋየርለስ ብሪጅ የሚፈለገው ይኼኔ ነው።

ብሪጅ በአንድ በኩል እንደ ማንኛውም ስልክ የይለፍ ቃል ሰጥቶ ነባሩን ዋይፋይ ይቀላቀላል፤ በሌላ በኩል በኢተርኔት ገመድ ከመሣሪያው ጋር ይያያዛል። መሣሪያው ላይ የሚጫን ሶፍትዌር የለም፤ ለእሱ ገመዱ በቀጥታ ከራውተሩ የመጣ ያህል ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የአሠራር ምርጫው ላይ ነው፤ አንዷ ትንሽ ዕቃ ብዙ ዓይነት ሥራ ትሠራለችና። አክሰስ ፖይንት የተገላቢጦሽ ነው፤ በገመድ የመጣውን ወደ ዋይፋይ ይለውጣል። ሪፒተር ሲግናሉን ተቀብሎ መልሶ ያሰራጫል፤ በአንድ ሬዲዮ የሚሠራ ከሆነ ፍጥነቱ በግማሽ ገደማ ይወርዳል። «ራውተር» የሚለው ምርጫ ደግሞ ኢንተርኔት ይሰጣል፤ ነገር ግን ከኋላው የራሱን የተለየ አውታር ይፈጥራል። ለዴስክቶፕ ይህ ብዙም አያስቸግርም። ለካሜራ መቅጃና ለፕሪንተር ግን ጣጣ ነው፤ ሳሎን ያለው ስልክ ፈልጎ አያገኛቸውም። ስለዚህ መመረጥ ያለበት «ክላየንት» ወይም «ብሪጅ» የሚለው ነው።

ዋይፋይ በተለመደው አሠራሩ የሚያውቀው የይለፍ ቃል ሰጥቶ የገባውን ዕቃ የማክ አድራሻ (ዕቃው ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣውን መለያ ቁጥር) ብቻ ነው። ከብሪጁ ኋላ ገመድ ላይ ያሉት ለራውተሩ ባዕድ ናቸው። በመሆኑም አብዛኞቹ ብሪጆች የእነዚያን አድራሻ በራሳቸው ተክተው ይልካሉ፤ መልሱ ሲመጣ ለየባለቤቱ ያከፋፍላሉ። ርካሽ ዕቃዎች በስዊች (አንዱን የኢተርኔት ገመድ ለብዙ መሣሪያ በሚያካፍል ሳጥን) በኩል ብዙ መሣሪያ ሲጫንባቸው አንዳንዴ የሚደናገሩት በዚህ ምክንያት ነው።

እንደ እኔ ከዋጋው ይልቅ የሚቀመጥበት ቦታ ይበልጣል። ሰርቪስ ቤቱ ቆርቆሮ ከሆነ ብረቱ ሲግናሉን ይመልሰዋል። ብሪጁን ወደ ዋናው ቤት በሚያሳየው መስኮት ላይ አድርጎ ከዚያ እስከ መሣሪያው ገመድ መዘርጋት ነው፤ የኢተርኔት ገመድ እስከ 100 ሜትር ስለሚሠራ ለጥቂት ሜትር መሰሰት አያስፈልግም። የብሎኬት ግድግዳ ለማለፍ ከ5 ጊጋኸርዝ ይልቅ 2.4 ይሻላል። የብሪጁና የራውተሩ የአይፒ አድራሻ (አውታሩ ውስጥ የሚለዩበት ቁጥር) ሁለቱም 192.168.1.1 ሆነው ከተገኙ የብሪጁን መቀየር፣ አይፒ የሚያድለውን ዲኤችሲፒ ደግሞ ብሪጁ ላይ መዝጋት ያስፈልጋል።

መብራት ሲጠፋስ? ብዙዎቹ ትናንሽ ብሪጆች በ5 ቮልት ስለሚሠሩ የስልክ ፓወር ባንክ ያቆያቸዋል፤ ዋናው ራውተርም የራሱ መጠባበቂያ ካለው ማለት ነው።