ደማቅ ቀለም ምንድን ነው?

አንድ ደንበኛ ነበረኝ። ሥራው የማስታወቂያ ወረቀት ነበር፤ ሰማያዊ መደብ፣ ላዩ ላይ ነጭ ጽሑፍ። ሠርቼ ስሰጠው "ቆንጆ ነው፣ ግን ሰማያዊውን ትንሽ ደመቅ አድርግልኝ" አለኝ። ነጣ አድርጌ መለስኩለት። "አይ፣ ይሄማ ፈዘዘ።" ጠቆር አደረግኩት። "አሁን ደግሞ ጨለመ እኮ!" በሦስተኛው የስልክ ጥሪ የሁለታችንም ድምፅ ከፍ ብሎ ነበር።

ቆይቼ ሳስበው ጥፋቱ የሱም የኔም አልነበረም፤ የቃሉ ነው። "ደማቅ" ስንል አንዳችን ብርሃን የበዛበትን እናስባለን። ሌላው ጥርት ያለውን፣ ያልደበዘዘውን። "ደማቅ ሰማያዊ" ሲባል ጭራሽ ጠቆር ያለው የሚታየውም ሰው አለ። በአንድ ቃል ሦስት ሰው ሦስት ቀለም ያያል ማለት ነው።

በቀለም ሥራ የሚውሉ ሰዎች ይህን ውዥንብር የሚያጠሩት ሦስት ጥያቄ በመለየት ነው። ምን ቀለም ነው? ምን ያህል ነጣ ወይም ጠቆር ያለ ነው? ምን ያህል ጥርት ያለ ነው? የመጀመሪያውን ሂዩ፣ ሁለተኛውን ቫልዩ፣ ሦስተኛውን ሳቹሬሽን ወይም ክሮማ ይሉታል።

ሂዩ ቀላሉ ነው። ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ብለን የምንጠራው ስም ማለት ነው። አይዛክ ኒውተን በ1704 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ የቀስተ ደመናን ቀለሞች ጫፍና ጫፍ አገናኝቶ ክብ አደረጋቸው። ዛሬም ኮምፒውተር ውስጥ ባለው ቀለም መምረጫ ላይ የምናየው ክብ የዚያ ዘር ነው።

ቫልዩን ለማየት ስልካችሁን አውጡ። በአረንጓዴ ቅጠል መሀል ያለ ቀይ አበባ ፎቶ ፈልጉና ማስተካከያው ውስጥ ሳቹሬሽን የሚለውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ ጎትቱት። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ይሆናል። አንዳንዴ አበባው የት እንደገባ ይጠፋችኋል። በቀለም ስናየው ዓይን የሚስበው አበባ አሁን ከቅጠሉ ጋር አንድ ዓይነት ግራጫ ሆኗል። ሂዩአቸው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቅ እንጂ ቫልዩአቸው አንድ ነበር ማለት ነው።

አሁን የጎተታችሁትን ቀስ እያላችሁ መልሱት። ግራጫው ቀላ ይላል፣ ከዚያ ቀይ ይሆናል፣ ከዚያ ዓይን እስኪወጋ ይቀላል። የተለወጠው ቀለሙ ከግራጫ የራቀበት ርቀት ነው። ሳቹሬሽን ማለት እሱ ነው። እንደኔ "ጥራት" ብንለው ያስኬዳል፤ "ሙሌት" የሚሉም አሉ።

ታዲያ ቫልዩንና ጥራትን ለየብቻ እንደፈለግን መጨመር ከቻልን ችግሩ ምኑ ላይ ነው? አንችልማ። ይህን በደንብ ያሳየው አሜሪካዊው ሠዓሊና የሥዕል መምህር አልበርት መንሰል ነው። ቀለሞችን ሁሉ በአንድ ቅርጽ ለመደርደር ሲነሳ መጀመሪያ ያሰበው የተስተካከለ ሉል ነበር። መሀሉ ላይ ከጥቁር ወደ ነጭ ከ0 እስከ 10 የሚወጣ ምሰሶ፣ ዙሪያውን ሂዩዎች፣ ከምሰሶው ወደ ውጭ ደግሞ ጥራት። ነገር ግን ቀለሞቹ ሉሉን እሺ አላሉትም። ቢጫ እጅግ የሚጠራው ከላይ፣ ነጭ አጠገብ ነው። ሰማያዊና ወይን ጠጅ የሚጠሩት ከታች፣ ወደ ጥቁሩ ቀረብ ብለው ነው። ስለዚህ ቅርጹ አንዱ ቅርንጫፉ የረዘመ፣ ሌላው ያጠረ ወልጋዳ ዛፍ ሆኖ አረፈው። ቢጫን አጥቁራችሁ ቢጫነቱን ልታቆዩት አትችሉም፤ ወደ ወይራ ቀለም ይሄድባችኋል። ሰማያዊንም አንጥታችሁ ጥራቱን ልትይዙት አትችሉም።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ቡናማ ነው። የራሱ ስም ስላለው ራሱን የቻለ ቀለም ይመስለናል። ኮምፒውተር ላይ ቀለም መምረጫው ውስጥ የብርሃኑን መጠን ቀይ 255፣ አረንጓዴ 128፣ ሰማያዊ 0 ብላችሁ ጻፉ፤ ብርቱካናማ ታያላችሁ። ቁጥሮቹን በግማሽ ቀንሱ፦ 128፣ 64፣ 0። ቡናማ! ሂዩው ንቅንቅ አላለም፤ የቀነሰው ብርሃኑ ብቻ ነው። ቀስተ ደመና ውስጥ ቡናማ የሌለውም ለዚህ ነው። ቡናማ ቡናማ የሚሆነው አጠገቡ ከሱ የበራ ነገር ሲኖር ነው። በጨለማ ክፍል ውስጥ ብቻውን ቢበራ ብርቱካናማ ሆኖ ይታያል።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ከቀለም ወደ ዓይን የሚሻገረው። ሬቲናችን፣ ማለትም ብርሃን የሚያርፍበት የዓይናችን የኋላ ግድግዳ ላይ፣ ቀለም የሚለዩ ኮን የሚባሉ ሦስት ዓይነት ሕዋሳት አሉ። አንጎል ቀለም የሚለው የሦስቱን መልስ አወዳድሮ የደረሰበትን ነው። የስልክ ስክሪንም የሚያታልለን በዚሁ ነው። ነጭ ስክሪን ላይ ትንሽ የውሃ ጠብታ ብታደርጉ ጠብታው እንደ አጉሊ መነጽር ሆኖ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ነጠብጣቦችን ያሳያችኋል። ነጭ የሚባል ነገር እዚያ የለም። ቢጫም የለም፤ ቀይና አረንጓዴ ጎን ለጎን ሲበሩ ቢጫ ነው ብሎ የሚፈርደው አንጎላችን ነው።

ይህ ፍርድ ደግሞ በጎረቤት ይለወጣል። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ኢውጂን ሼቭረል በ1824 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ ጎብላን በሚባለው የግድግዳ ምንጣፍ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍሉ ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። እዚያ ከጠበቁት ቅሬታዎች አንዱ "ጥቁሩ ክር ፈዘዘ" የሚል ነበር። (ለካ ደንበኛዬ ብቻውን አይደለም።) ሼቭረል ክሩን ከሌላ ቦታ ከመጡ ጥቁር ክሮች ጋር አስተያየው። ቀለሙ ምንም አልጎደለውም። ጥቁሩን ያፈዘዘው አጠገቡ የተሸመነው ሰማያዊና ወይን ጠጅ ነበር። ከዚያ ተነስቶ በ1839 አንድ ወፍራም መጽሐፍ አሳተመ። ሁለት ቀለሞች ጎን ለጎን ሲሆኑ ዓይናችን ልዩነታቸውን አጋኖ ያያል፤ በክቡ ላይ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሲሆኑ ደግሞ አንዱ ሌላውን ያጎላዋል።

ወደ ደንበኛዬ ልመለስ። በአራተኛው ጥሪ ረጋ ብዬ "ይንጣልህ ወይስ ይጥራልህ?" አልኩት። ትንሽ አሰበና "ሁለቱንም" አለኝ። ሰማያዊው ስክሪኑ ሊሰጥ ከሚችለው ጥራት ጫፍ ላይ ነበር፤ ሁለቱን በአንድ ላይ ማምጣት አይቻልም። መደቡን ሳልነካ ዳር ዳሩን በክቡ ላይ ከሰማያዊ ፊት ለፊት ባለው በብርቱካናማ ቀጭን መስመር አሰመርኩበትና ላክሁለት።

"እሱን እኮ ነው ስልህ የነበረው!" አለኝ።